ለጀሞዋ ባለሱቅ፦ ስለ አንሶላ፣ ስለ መከዳና ስለ ዳንቴል ስሞች

ልጄ፣ ጀሞ ላይ የአልጋ ልብስና የመጋረጃ ሱቅ ልትከፍቺ መሆኑን አባትሽ ነገረኝ፤ እሰይ ብያለሁ። ከወሬው በላይ ልቤን የነካው ግን ያንቺ ጥያቄ ነው። «አክስቴ፣ የዋጋው ወረቀት ላይ ‹አንሶላ› ብዬ ልጻፍ ወይስ ‹ቤድ ሺት›?» አልሽኝ። ዕድሜዬን ፈረንሳይኛ ሳስተምር የኖርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ኪሮሽ ከእጄ ያልተለየኝ ሴት ነኝና ይህን የሚጠይቀኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። አጭሩ መልስ «አንሶላ» ነው። ምክንያቱ ግን በአንድ ቃል አያልቅም፤ በቁጥር ከፋፍዬ ጽፌልሻለሁ። ገበያ ቀዝቀዝ ሲል አንብቢው።

1. የአንድን ጨርቅ ስም ለማወቅ ስትፈልጊ መጀመሪያ ጨርቁ በማን እጅ እንደመጣ ጠይቂ።

የሃይማኖትና የፍልስፍና ቃላት በመጽሐፍ ይጓዛሉ። የቤት ጨርቅ ስሞች ግን በጥቅል ታስረው፣ በግመልና በመርከብ ተጭነው፣ በነጋዴ አፍ እየተጠሩ ነው የሚመጡት። ሻጩ የጠራበትን ስም ገዢዋ ይዛው ቤቷ ትገባለች፤ ልጆቿ ከእሷ ይሰማሉ፤ ከሁለት ትውልድ በኋላ ቃሉ ከውጭ መምጣቱን የሚያስታውስ አይኖርም።

አውሮፓን ተመልከቺ። አልጋ ላይ የሚነጠፈው ስስ ጨርቅ በዚያ አህጉር ቢያንስ በሦስት ትልልቅ መንገዶች ተጉዟል። በደቡብ በኩል ሮማውያን ተልባን «ሊኑም» ይሉ ነበር፤ ከተልባ ቃጫ የተሠራው ጨርቅ «ሊንቴኡም»፣ አነስ ያለው ደግሞ «ሊንቴኦሉም» ተባለ። ከዚህ ጣሊያኖች «ሌንዙኦሎ»፣ ፖርቱጋሎች «ሌንሶል» የሚለውን አገኙ። በሰሜን የጀርመን ወደብ ነጋዴዎች ጨርቁን «ላከን» እያሉ በባልቲክ ባሕር ዙሪያ ሸጡ፤ ስዊድኖች «ላካን» ብለው ተቀበሉት፣ ፊንላንዶች ደግሞ ከስዊድኖች ወስደው «ላካና» አሉት። በምሥራቅ ፋርሶች የሌሊት መሸፈኛ ለማለት «ቻደር ሸብ» ያሉትን ቱርኮች «ቻርሻፍ» አደረጉት፤ የኦቶማን መንግሥት በገዛበት አገር ሁሉ ቡልጋሪያው፣ ሰርቡ፣ ሮማኒያውና አልባኒያው ይህንኑ ቃል እንደየአፉ ገርቶ እስከ ዛሬ ይጠቀምበታል። ባለአገሩ አንሶላውን በምን ስም እንደሚጠራ ሰምተሽ ብቻ አያቶቹ ከማን ጋር ይገበያዩ፣ ለማን ይገብሩ እንደነበር መገመት ትችያለሽ።

የእኛ አንሶላ የመጣው በደቡቡ መንገድ ነው። ጣሊያኖች አንዱን «ሌንዙኦሎ» ሲሉ አልጋ ላይ ተጣምረው የሚነጠፉትን «ሌንዙኦላ» ይሏቸዋል፤ በእኛ ጆሮ የቀረው ይህ የብዙ ቁጥር መልክ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1885 ምጽዋን ያዘች፣ በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ አድርጋ አወጀች፣ በ1936 አዲስ አበባ ገባች። የጦር ሰፈሩ፣ ሆቴሉና ሆስፒታሉ ሁሉ አልጋ የሚያነጥፍ የአገር ልጅ ይቀጥር ነበር፤ ቃሉን ተቀብሎ ወደ ሰፈሩ የሚወስደው እንዲህ ያለው ሠራተኛ እንጂ ምሁሩ አይደለም። በመንገድ ላይ የፊቷ «ለ» ወደቀች። እንዲህ ዓይነት መውደቅ በእኛ አልተጀመረም። እንግሊዞች ሽርጥን ድሮ «ናፕረን» ይሉት ነበር፤ «አንድ ናፕረን» ለማለት «ኤ ናፕረን» ሲሉ ሰሚው «አን ኤፕረን» ብሎ ሰማው፣ «ን»ም ከስሙ ተላቃ ቀረች። ዛሬ «ኤፕረን» ነው የሚሉት።

እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ሌላ ነው። አገራችን ተልባን ከጥንት ጀምራ ታውቀዋለች፤ ቆልተን፣ ፈጭተን፣ ለጾም ምግብና ለመጠጥ እናደርገዋለን። የምንዘራው ግን ለፍሬው እንጂ ለቃጫው አልነበረም፤ ጨርቃችን ከጥጥ ነው። ያ የማናውቀው የተልባ ጨርቅ ስም ሮምን ዞሮ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ መጥቶ በጥጥ አንሶላችን ላይ ተቀመጠ። መደርደሪያሽ ላይ ያለው ደግሞ አብዛኛው ፖሊስተር ይሆናል።

2. ስም ድንበር ሲሻገር ሌላ ዕቃ ሊይዝ ይችላል፤ ጨርቁን ሳትዳስሺ በስሙ ብቻ አትዘዢ።

ይህ ለንግድሽ በቀጥታ የሚጠቅም ምክር ነው። ያው «ሊንቴኦሉም» በፈረንሳይኛ «ላንሰል» ሆነ፤ ድሮ የአልጋ ጨርቅ ነበር፣ ዛሬ ግን የሬሳ መግነዝ ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይህን ቃል ከጣሊያንኛው ጋር አነጻጽረው «አንሶላ» ብለው ሲተረጉሙት ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ ወደ ቀብር ይወስዱት ነበር። ሌላም አለ። የጥንት ጀርመኖች ከመታጠብ ግሥ ያወጡት አንድ የጨርቅ ስም ነበራቸው። ጣሊያኖች ወስደው «ቶቫልያ» አሉት፣ የጠረጴዛ ልብስም አደረጉት፤ ስፔኖች «ቶአያ» ብለው ፎጣ አደረጉት፤ በፈረንሳይ በኩል እንግሊዝ ገብቶ «ታወል» ሆነ፣ እሱም ፎጣ ነው። ከሚላኖ «ቶቫልያ» አዝዘሽ የገላ ፎጣ ብትጠብቂ የሚመጣልሽ የጠረጴዛ ልብስ ነው።

በእኛም ቤት እንዲሁ ነው። ሹራብ የምንለው ሱዳንና የመን ውስጥ የእግር ነው፣ ካልሲ እንደምንለው። ቱርኮች «ቾራፕ» ይሉታል፣ ከእነሱ ቡልጋሪያና ሮማኒያም ገብቷል፤ በሁሉም ዘንድ እግር ላይ ነው ያለው። እኛ ደረት ላይ አወጣነው። ታላላቆቻችን «የእግር ሹራብ» ሲሉ ትሰሚ ይሆናል፤ እንዲህ የሚሉት ቃሉ በአማርኛ የተጠለፈ ሞቃት ልብስን ሁሉ ስለያዘ ለእግሩ መለያ ስላስፈለገው ነው። ከጣሊያንኛው «ካልዜ» የመጣው «ካልሲ» ሲስፋፋ ያ መለያ አላስፈላጊ ሆነ።

አቡጀዲም አንድ ምዕራፍ ይገባዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ የተሸመነ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ዛንዚባርንና ቀይ ባሕርን አጥለቀለቀ። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች በተሠራበት አገር ስም «መሪካኒ» አሉት። በእኛ በኩል ከዓረብ ነጋዴ አፍ «አቡጀዲ» ሆኖ ገባ። በኋላ ጃፓኖች ርካሽ አድርገው ሸምነው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካኑን ገበያ ወሰዱት፤ ከዚያ በአገር ውስጥ ፋብሪካዎችም ተሸመነ። አገሩ ሁለት ጊዜ ተለወጠ፣ ስሙ አልተነቃነቀም። ለትራስ ውስጥ፣ ለገበር፣ ለመግነዝም ያገለግላል። ገጠር የምትኖር ሴት አቡጀዲ ስትል የምትፈልገውን በትክክል ታውቃለች፤ አንቺም እወቂላት።

3. ዓረብኛን አትዝለይ፤ እኛና አውሮፓ ከአንድ ገበያ ነው የሸመትነው።

ወጣቶች የውጭ ቃል ሲባል ሐሳባቸው ወደ እንግሊዝኛ ብቻ ይሮጣል። ይህ ያሳዝነኛል፤ የቤታችንን ወለልና አልጋ ስም ከማንም በላይ ያበዛልን ዓረብኛ ነውና። ፍራሽን ውሰጂ፤ ዓረብኛው «ፊራሽ» ነው፣ የሚነጠፍ ማለት። አውሮፓውያን ከዚያው ቋንቋ ሌላ ቃል መረጡ፦ «ማትራህ»፣ አንድ ነገር የሚጣልበት ቦታ። ወለል ላይ ተጥሎ የሚተኛበትን ጣሊያኖች «ማቴራሶ» አሉት፤ ፈረንሳዮች ወሰዱ፤ ከእነሱ እንግሊዞች «ማትረስ» አሉ። እኛ አንዱን፣ እነሱ ሌላውን፤ ነጋዴው ግን ያው ነው።

መከዳን ስታስቢ ደግሞ ስፔንን አስቢ። ዓረቦች ጉንጭን «ኸድ» ይላሉ፤ ጉንጭ የሚያርፍበት «ሚኸዳ» ነው። ወደ እኛ መጥቶ መከዳ ሆነ። ዓረቦች ስፔንን ለዘመናት ሲገዙ ቃሉ ከነመነሻ ቅጥያው እዚያ ቀርቶ «አልሞአዳ» ሆነ፤ ፖርቱጋሎች «አልሞፋዳ» ይላሉ። ማድሪድ ውስጥ ራሷን ያስደገፈች ሴትና ሳሪስ መከዳ ላይ የተደገፉ አዛውንት የሚጠሩት አንድ ቃል ነው።

ትራስ ግን የራሳችን ነው፤ ግእዙ «ትርኣስ» ከራስ የወጣ ነው። እዚህ ላይ ቆም በይ። ዓረቡ ከጉንጭ፣ ጣሊያኑም ከጉንጭ፤ «ጓንቻ» ጉንጭ ነው፣ «ጓንቻሌ» ትራስ። ፈረንሳዩ ከጆሮ፤ «ኦሬይ» ጆሮ፣ «ኦሬዬ» ትራስ። እኛ ከራስ። ሁሉም አንድ ዕቃ ሲያይ የተኛውን ሰው አካል ነው ያሰበው፣ አንዱ ከአንዱ ሳይዋስ። ሁለት ቋንቋ ተመሳሳይ ሲያስብ ስታይ ሁልጊዜ «ከእነሱ ወስደነው ነው» አትበይ።

ስጋጃም አለ፤ ከዓረብኛው «ሰጃዳ»፣ የሚሰገድበት ምንጣፍ። የዓረብኛው «ሰጀደ» እና የእኛ «ሰገደ» የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ሻሽም ከዓረብኛ ነው፤ እንግሊዞች ያንኑ ቃል ወስደው «ሳሽ» አሉና ከራስ አውርደው ወገብ ላይ አሰሩት። ፎጣም በዚሁ መንገድ መጥቷል፤ የመን ውስጥ ወንዱ ወገቡ ላይ የሚያገለድመው ጨርቅ ነው፣ እኛ ጋ ማድረቂያ።

4. ዳንቴልን በክብር ያዢ።

ይህ ጨርቅ ከሱቅሽ ባይኖር ቅር ይለኛል። የኢትዮጵያ ሳሎን ያለ ዳንቴል ምን ይመስላል? የሶፋው መደገፊያ ላይ፣ የቴሌቪዥኑ ራስ ላይ፣ የብፌው መስታወት ውስጥ፣ የረከቦቱ ሥር። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ዳን» ጥርስ ነው፣ «ዳንቴል» ትንንሽ ጥርስ ያለው፣ የጠርዙን መልክ አይተው ያወጡለት ስም። መሥሪያዋ ኪሮሽም ከዚያው ናት፤ «ክሮሼ» ማለት ትንሽ ቆልማማ ማለት ነው። ፈረንሳዮች «ዳንቴል» የሚሉት በመርፌና በብዙ ክር የሚሠራውን ውድና ረቂቅ ጨርቅ ነው፤ በኪሮሽ የሚሠራውን ለይተው በኪሮሹ ስም ይጠሩታል። የእኛ ሴቶች ሥራውን ዳንቴል፣ መሣሪያውን ኪሮሽ ብለው ሁለቱንም ስም ለአንድ ሥራ አዋሉት። ቱርኮችም «ዳንቴል» ይላሉ፣ እንደ እኛ ከፈረንሳዮች ወስደው። ስለዚህ የቱርክ ነጋዴ ጋ ስትሄጂ በዚህ ቃል ያለ አስተርጓሚ ትግባቢያለሽ።

የፈረንሳይኛ ቃል እንዴት እዚህ ደረሰ ብትዪኝ ባቡሩን አሳይሻለሁ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ኩባንያው የፈረንሳይ ነበር፣ ለገሃርም ስሙን ያገኘው «ላ ጋር» ከሚለው ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማው ሹማምንትና ነጋዴዎች የሚማሩት የውጭ ቋንቋ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነበር። ሴቶች ልጆችን ያስተማሩት ትምህርት ቤቶች የእጅ ሥራን እንደ አንድ ትምህርት ሲሰጡ ቃሉ ከክሩ ጋር ወደየቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ምንም ፈረንሳይኛ የማታውቅ እናት ለልጇ አስተምራዋለች። በእኔ አስተያየት ቃሉ የእኛ የሆነው ያኔ ነው። በእጅ የተሠራውን ዳንቴል ከማሽኑ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ዋጋውንም አታርክሺ፤ የዓይን ብርሃን የተከፈለበት ሥራ ነው።

5. የቆየውን የውጭ ቃል አታባሪ፤ ያለውን የአገር ቃል ደግሞ አታስወጪ።

አንሶላን ለማባረር አዲስ ቃል ፍጠሪ የሚልሽ ቢመጣ በትሕትና አሰናብቺው። «ከርተን» በይ የሚልሽን ግን በትሕትናም አትስሚው። መጋረጃ አለን፤ ከጋረደ የወጣ፣ ሥራውን በስሙ የሚናገር። ብርድ ልብስ አለን። እንግሊዞች «ብላንኬት» ያሉት ከፈረንሳይኛው «ነጭ» ነው፤ መጀመሪያ ነጭ የሱፍ ጨርቅ ነበርና። የእኛ ስም ከብርድ ጋር የሚያደርገውን ሥራ ይናገራል። የአስመራ ሰዎች ከጣሊያንኛ «ኮቦርታ» ብለው ወሰዱ፤ እኛ በራሳችን አወጣን፤ የደብረ ብርሃን ፋብሪካም ምርቱን በዚሁ ስም ነው ያሳወቀው። አሁን «ኮምፈርት» የሚሉት ወፍራሙ የተሞላ ልብስ እውነትም አዲስ ዕቃ ነው፤ አዲስ ዕቃ ስሙን ይዞ ቢመጣ አልከፋም። ለአሮጌው ዕቃ አዲስ ስም ስትለጥፊ ግን ሽማግሌዋ ደንበኛሽ ወረቀቱን አንብባ ሳትጠይቅ ትወጣለች።

6. የምትኖሪበትን ሰፈር ስም አድምጪ።

የጨርቅ ቃል ከቤት ወጥቶ የት እንደሚደርስ ያንቺ ክፍለ ከተማ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ያስተምርሻል። ዓረቦች ክርንና ሽቦን «ሲልክ» ይላሉ። ሽቦው ድምፅ ማስተላለፍ ሲጀምር እኛ ስልክ አልነው። ቀጥሎ ያለ ሽቦ፣ በአየር መልእክት የሚልክ ጣቢያ እዚያው ክፍለ ከተማ ላይ ሲቆም ሕዝቡ ንፋስ ስልክ አለው። ክርም ሽቦም የሌለበት ነገር የክር ስም ይዞ ቀረ፤ አገሩም በዚያ ተጠራ።

ታክሲ ላይ ረዳቱ የሰፈሩን ስም «ጋርመንት! ጋርመንት!» እያለ ሲጣራ ደግሞ ስሚው። እንግሊዞች ልብስን «ጋርመንት» ሲሉ ቃሉን የወሰዱት ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ጋርኒር» ማለት ማስታጠቅ፣ ማሟላት ነውና የሚታጠቁት ልብስ «ጋርኔማን» ተባለ። ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ግን ያ ቃል ልብስ አይደለም፤ አስቸጋሪ ልጅን ነው የሚጠሩበት። ተዋሹ ያቆየውን ባለቤቱ ለወጠው፤ ላፍቶ ላይ ግን ገና የልብስ ነው።

ቢሮስ? «ቢዩር» ሻካራ የሱፍ ጨርቅ ነው፤ ፈረንሳዮች የመጻፊያ ጠረጴዛ ያለብሱበት ነበር። ከጨርቁ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ክፍሉ፣ ከክፍሉ ወደ መሥሪያ ቤቱ አለፈ። የንግድ ፈቃድሽን ለማውጣት የተመላለስሽበት ቢሮ ስሙን ያገኘው ከጠረጴዛ ልብስ ነው። «ቶይሌት»ም ዘሩ ትንሽ ጨርቅ ነው፤ «ቱዋል» ጨርቅ፣ «ቱዋሌት» የመዋቢያ ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ ትንሽ ጨርቅ። ላቲኑ «ማፓ»ም ጨርቅ፣ ገበታ መጥረጊያ ነበር፤ በጨርቅ ላይ ዓለምን ስለው «የዓለም ማፓ» ሲሉት እንግሊዝኛው «ማፕ» ወጣ። በዚህ ላይ አጎበርን ጨምሪ። ግሪኮች ትንኝን «ኮኖፕስ» ይሉ ነበርና ትንኝ መከላከያ መጋረጃ ያለውን አልጋ «ኮኖፔዮን» አሉት። እንግሊዞች ከላይ ያለውን ሽፋን ይዘው «ካኖፒ»፣ ፈረንሳዮች የሚቀመጡበትን ይዘው «ካናፔ» አሉ፤ ያኛው ሶፋ ነው። አንዱ አጎበሩን፣ ሌላው አልጋውን ተካፈሉ።

7. የሚጥም ታሪክ ሁሉ እውነት አይደለም።

ስልክ የሚለውን ከእንግሊዝኛው የሐር ስም «ሲልክ» ጋር የሚያያይዝ ሰው ያጋጥምሻል። ድምፁ ገጠመ እንጂ ዘሩ ሌላ ነው፤ የእንግሊዝኛው ከምሥራቅ ከመጣው የሐር ንግድና ከግሪኮቹ «ሴሪኮስ» ጋር ይዛመዳል። ሙስሊን ከሞሱል፣ ዳማስክ ከደማስቆ፣ ካሊኮ ከሕንዷ ካሊከት መምጣታቸው የጸና ነው። «ጎዝ» የሚሉት የቁስል ጨርቅ ከጋዛ ነው የሚባለው ግን ሊቃውንት የሚከራከሩበት ነው። ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ጨርቁ በዚያ መንገድ ይነገድ ነበር ወይ? ድምፁስ ሌሎች ቃላት በተለወጡበት ሥርዓት ነው የተለወጠው? ቃሉ ከሁለቱ በየትኛው ቋንቋ ቀድሞ ተጽፎ ተገኘ? ሦስቱም ካልተስማሙ ለደንበኛሽ እንደ እውነት አትንገሪ።

8. ደብተር ክፈቺ።

የሂሳቡን አይደለም፤ እሱን አባትሽ ያስተምርሻል። ደንበኞችሽ ዕቃውን ሲጠይቁ የሚጠሩበትን ስም በራሳቸው አፍ እንዳለ ጻፊ፤ ከጎኑ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ከዚያም ሰውየው ከየት አገር እንደመጣ። የማንም ስም አያስፈልግም፤ ወሎ፣ ሐረር፣ አስመራ፣ ጉራጌ ማለት ይበቃል። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ላይ የኢትዮጵያ አፍ ሁሉ አንድ ደረጃ ላይ ይወጣል ይወርዳል፤ እንዲህ ያለ ዕድል መምህር ሆኜም አላገኘሁም። ኮቦርታ ያለችሽን «ብርድ ልብስ ማለትሽ ነው» ብለሽ አታርሚያት፤ አውጥተሽ አሳዪያት፣ ከሄደች በኋላ ጻፊው። «ቤድ ሺት» ያለሽንም ጻፊው፤ እሱም መንገድ ላይ ያለ ቃል ነው።

የዋጋው ወረቀት ላይ ግን በትልቁ «አንሶላ»፣ ከሥሩ ባለ 1.20፣ ባለ 1.50 ወይም ባለ 1.80፣ ከዚያ ጥጥ መሆኑን ወይም ፖሊስተር መሆኑን ሳትደብቂ ጻፊ። ሁለቱ ተደባልቀው ከሆነ ከመቶ ስንቱ ጥጥ እንደሆነ አስገቢ። ዳንቴል ለማየት የምመጣበትን ቀን ንገሪኝ፤ ከእጅ ሥራዬም ለመስኮትሽ የሚሆን አመጣልሻለሁ።